ካውንቲ ዶኒጎልን መጎብኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወደ አየርላንድ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ለመሄድ የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደሚያወዛግበው እንሄዳለን።

ዶኒጎል የት ነው? ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ነው እንዴ?

አይደለም። ዶኒጎል በአየርላንድ ደሴት ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ያለ ካውንቲ ነው። የሚተዳደረውም በደብሊን መንግሥት ነው። በስፋት ከኮርክ፣ ከጎልዌይና ከሜዮ ቀጥሎ አራተኛ ነው። በ2022 ቆጠራ ሕዝቡ 167 ሺህ ገደማ ነበር። ትልቁ ከተማ ሌተርኬኒ ይባላል።

ግራ የሚያጋባው ካርታው ነው። ዶኒጎል ከቀረው የአየርላንድ ሪፐብሊክ ጋር የሚገናኘው በደቡብ በኩል ከሊትሪም ካውንቲ ጋር ባለው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሌላው የየብስ ድንበሩ በሙሉ ከሰሜን አየርላንድ፣ ማለትም ከብሪታንያ ግዛት ጋር ነው። የሚገርመው ደግሞ የአየርላንድ ዋና ምድር ሰሜናዊ ጫፍ የሆነው ማሊን ሄድ ያለው እዚሁ ዶኒጎል ውስጥ ነው። "ደቡብ" ከሚባለው "ሰሜን" ከሚባለው ይበልጥ ሰሜን ነው። ይህን ልብ በሉ፤ ቪዛ ላይ ስንደርስ ይመጣል።

ኬሪ ወይም የሞኸር ገደሎች እያሉ ለምን ዶኒጎል?

ሰው ስለማይበዛበት። በኬሪ ካውንቲና የሞኸር ገደሎች ባሉበት በክሌር ካውንቲ የቱሪስት አውቶቡስ ተከታትሎ ይመጣል። ዶኒጎል ውስጥ ግን በበጋም ቢሆን አንድ ሙሉ የባሕር ዳርቻ ለብቻችሁ የምታገኙበት ቀን አለ። ገደል ነው የምፈልገው ካላችሁ የሞኸር ከፍታ 214 ሜትር ሲሆን የዶኒጎሉ ስሊቭ ሊግ ጫፍ 601 ሜትር ነው።

ድክመትም አለው። ሩቅ ነው፣ ባቡር የለውም፣ ዝናቡም አይጠገብም አይባልም። ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሰው ደብሊን አካባቢ ቢቆይ ይሻለዋል እላለሁ።

መቼ ልሂድ? ምንስ ልልበስ?

ከግንቦት እስከ መስከረም መጀመሪያ፤ እዚህ ወሩም ዓመቱም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በሰኔ መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው በፈረንጅ ሰዓት ከምሽቱ 10 ካለፈ በኋላ ነው። በታኅሣሥ ግን በዚያው አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች። በክረምታቸው ብዙ የእንግዳ ማረፊያዎችና ካፌዎች በራቸውን ይዘጋሉ። በበጋቸውም ሙቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ነው። የአዲስ አበባን ሐምሌ የሚያውቅ ሰው ብርዱን ይችለዋል፤ የሚያስቸግረው ነፋሱ ነው።

ጃንጥላ አትያዙ። ነፋሱ በመጀመሪያው ቀን ይገለብጠዋል። ኮፍያ ያለው ውኃ የማያስገባ ጃኬት፣ ሹራብና የማያንሸራትት ጫማ ይበቃል። በበጋ ነፋስ በሌለበት ምሽት ደግሞ የምትናከስ ደቃቅ ትንኝ አለች። በተለይ ሐይቅና ረግረግ አጠገብ የሚያድር ሰው የትንኝ ቅባት ይያዝ።

ስንት ቀን ይበቃል?

አራት ቀን ጥሩ ነው፤ ሳምንት ካገኛችሁ ይበልጥ ጥሩ። ዶኒጎል በካርታ ላይ ትንሽ ይመስላል። መንገዱ ግን ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆነ 50 ኪሎ ሜትር ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ካውንቲውን በአንዴ ለመዞር ከመሮጥ አንዱን ጥግ መርጦ እዚያው ማደር ይሻላል። ገደልና የባሕር ዳርቻ የሚፈልግ ደቡብ ምዕራቡን ይያዝ። ተራራና ፓርክ የሚፈልግ መሐሉን ይምረጥ። ኢኒሾወን ልሳነ ምድርን መዞር የሚፈልግ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን "ኢኒሾወን 100" የተባለውን መስመር ይከተል፤ ስሙ የመጣው ከ100 ማይል ነው።

ስሊቭ ሊግን ለማየት ተራራ መውጣት አለብኝ? ከፍታ እፈራለሁ።

የግድ አይደለም። ዋናው ማያ ቦታ ቡንግላስ ይባላል። እዚያ ድረስ ጥርጊያ መንገድ አለ። በቱሪስት ወቅት መኪና ታች ይቆምና ወይ በሚኒባስ ወይ በእግር ይወጣል። በእግር 45 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ዳገት ነው እንጂ ገደል አፋፍ ላይ የሚያስኬድ አይደለም። መንገዱን የሚዘጉባችሁ በጎች ናቸው። ባለቤታቸው እንዲለያቸው ጀርባቸው ላይ ሰማያዊ ወይም ቀይ ቀለም ተቀብተዋል። ሰው መጣ ብለው አይነሱም።

መንገድ ላይ መሬቱን አስተውሉ። በነጭ ድንጋይ "ኤይሬ" ተብሎ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠራ ነው። አየርላንድ ገለልተኛ ስለነበረች አውሮፕላን አብራሪዎች ከላይ ሆነው የማን አገር እንደሆነ እንዲያውቁ ነው። ማሊን ሄድም ላይ አንድ አለ።

ከቡንግላስ አልፎ ወደ ጫፉ የሚወስደው መንገድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። "ዋን ማንስ ፓስ" የሚሉት ቦታ በሁለቱም በኩል ገደል የሆነ ቀጭን ጀርባ ነው። ነፋስና ጉም ባለበት ቀን የለመደ ተራራ ወጪም አይሞክረውም። ከፍታ የሚፈራ ሰው ሌላ አማራጭ አለው፤ ከቲሊን ወደብ በጀልባ ወጥቶ ገደሉን ከታች ወደ ላይ ማየት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ትልቅነቱ ይበልጥ የሚታየው ከታች ነው።

ግሌንቬይ ፓርክ ውስጥ ምን አለ? መግቢያው ስንት ነው?

ወደ ፓርኩ መግባት ነጻ ነው፤ የሚከፈለው ለሚኒባሱና ለቤተ መንግሥቱ ጉብኝት ነው። ስፋቱ 16 ሺህ ሄክታር ገደማ ሲሆን ረጅም ሐይቅ፣ ቀይ አጋዘንና ተራራ አለው። ከዚህ አካባቢ ጠፍቶ የነበረው ወርቃማ ንስር ከ2001 ጀምሮ ከስኮትላንድ ጫጩቶች እየመጡ እንደገና ተለቋል። ከጎብኚዎች ማዕከል እስከ ቤተ መንግሥቱ በሐይቁ ዳር 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዝናብ ከሌለ በእግር ሂዱት።

ቤተ መንግሥቱ በፎቶ ያምራል፤ ታሪኩ ግን መራራ ነው። ያሠራው ጆን ጆርጅ አዴር የተባለ ባለ ርስት ነበር። ይህ ሰው በሚያዝያ 1861 ከዴሪቬይ መሬት 244 ሰዎችን አፈናቀለ። ፖሊስ አጅቦ ጭሰኞቹን ከየቤታቸው አስወጣቸው፤ ጎጆዎቻቸውም ፈረሱ። ብዙዎቹ ወጣቶች በኋላ ወደ አውስትራሊያ ተሰደዱ። ቤተ መንግሥቱ የቆመው ከዚያ በኋላ፣ በ1870 አካባቢ ነው። ጭሰኛና ባለ ርስት የሚሉት ቃላት ምን እንደሚያነሱ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ ጉብኝት ከአትክልት ቦታው ያለፈ ነገር አለው። አስጎብኚውን ስለ 1861 ጠይቁት።

ኤሪጋል ተራራን ማንም ሰው መውጣት ይችላል?

መካከለኛ ጉልበት ያለው ሰው በጥሩ ቀን ይወጣዋል። ከፍታው 751 ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ገደማ ይበቃል። ጫፉ በጉም ከተሸፈነ ለሌላ ቀን አቆዩት።

ባሕሩ ውስጥ መዋኘት ይቻላል?

ነፍስ አድን ዋናተኛ ባለበት ቦታና ጊዜ ብቻ። እነሱም የሚሠሩት በበጋ ነው። ውኃው በበጋም ቢሆን ሐይቅ ለለመደ ሰው ያንቀጠቅጣል፤ ከ16 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም። ቡንዶራንና ሮስኖውላ ለሰርፊንግ የታወቁ ናቸው፤ ጀማሪ የሚያስተምሩ አሉ። ማሊን ቤግ ያለው ሲልቨር ስትራንድ ደግሞ ከ170 በላይ ደረጃ ወርዳችሁ የምታገኙት የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው አሸዋ ነው። መውረዱ ቀላል ነው፤ አያትና ሕፃን ይዞ የሚሄድ ሰው ግን መልሱን ያስብ።

ዳውኒንግስ አካባቢ ያለውና "መርደር ሆል" የሚባለው ዳርቻ ፎቶው በየማኅበራዊ ሚዲያው ይዞራል። እዚያ አትግቡ። ወደ ውስጥ የሚጎትት ኃይለኛ ሞገድ አለው። ሰው ሲወሰድ ካያችሁ ተከትላችሁ አትዝለሉ፤ 112 ወይም 999 ደውሉና "ኮስት ጋርድ" በሉ።

ጾም ላይ ነኝ። የሚበላ አገኛለሁ?

ታገኛላችሁ፤ አጠያየቁን ካወቃችሁ። "ቬጀቴሪያን" ካላችሁ ቅቤና አይብ ይመጣላችኋል። "ቪገን" በሉ። ሌተርኬኒና ዶኒጎል ታውን ውስጥ ችግር የለም። ትናንሽ መንደሮች ላይ ግን ምርጫው ድንችና ሰላጣ ሊሆን ይችላል። ሶዳ ብሬድ የሚባለው ቡናማ ዳቦ ጾም ይመስላል፤ የሚለወሰው ግን በአሬራ ነው። "ቻውደር" የተባለው የዓሣ ሾርባም ክሬም አለበት። ዓሣ በጾም የምትበሉ ከሆነ ኪሊቤግስ የአገሪቱ ትልቁ የዓሣ ወደብ ስለሆነ እዚያ ትኩስ ዓሣ ብሉ።

ጾም ላይ ያልሆነም ቁርስ ላይ ይጠንቀቅ። "አይሪሽ ብሬክፋስት" ተብሎ የሚቀርበው ሳህን ላይ ቋሊማውም፣ በቀጭኑ የተቆረጠው ሥጋም የአሳማ ነው። ጥቁሩ ክብ ነገር "ብላክ ፑዲንግ" ይባላል፤ ከደም፣ ከአሳማ ስብና ከአጃ የሚሠራ ነው። ነጩም የአሳማ ነው። እንቁላል፣ ቲማቲም፣ እንጉዳይና ዳቦ ብቻ ስጡኝ ማለት ይቻላል፤ ማንም ቅር አይለውም። ሁሉም በአንድ መጥበሻ እንዳይጠበስ ቀድማችሁ ተናገሩ። እንጀራ ያማረው ደግሞ ቢያንስ ድርቆሽ ይዞ ይሂድ።

አልኮል አልጠጣም። ፐብ ብገባ ያስተዛዝባል?

በፍጹም። በመንደር ውስጥ እራት የሚገኘው፣ ሙዚቃ የሚሰማው፣ ወሬ የሚወራው ፐብ ነው። ሻይ አዝዞ ማምሸት የተለመደ ነው። ልጆች ከወላጅ ጋር እስከ ምሽቱ 9፣ ከግንቦት እስከ መስከረም ደግሞ እስከ 10 በፈረንጅ ሰዓት መቆየት ይችላሉ። ኤንያ የተባለችው ድምፃዊት የተወለደችበት ጉዊዶር አካባቢ የሚነገረው የአየርላንድ ቋንቋ ነው። ባላገሮቹ ማዕዘን ላይ ተቀምጠው ቫዮሊን ሲጫወቱ ካገኛችኋቸው ዝም ብላችሁ ስሙ፤ በስልክ ከመቅረጽ በፊት ፈቃድ ጠይቁ።

መንፈሳዊ ጉዞ የሚደረግበት ቦታ አለ ይባላል። እውነት ነው?

አለ፤ ለኛ ሰው ይበልጥ የሚገባው ቦታም ይህ ይመስለኛል። ሎክ ዴርግ በሚባል ሐይቅ መካከል ያለች ትንሽ ደሴት ናት። የቅዱስ ፓትሪክ መንጽሔ ይሏታል። ካቶሊኮች በየበጋው፣ ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የሦስት ቀን ሱባዔ ይገባሉ። ደሴቷ ላይ እንደደረሱ ጫማ ይወልቃል። በባዶ እግር ድንጋይ ላይ እየዞሩ ይጸልያሉ። የመጀመሪያዋን ሌሊት አይተኙም። ምግቡ በቀን አንዴ ደረቅ ዳቦና ወተት የሌለው ሻይ ነው። ሰሙነ ሕማማትን ቤተ ክርስቲያን ያሳለፈ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ለሦስቱ ቀን አይፈቀድለትም። ሦስት ቀን የማይችል የአንድ ቀን መርሐ ግብር አለለት።

ጂፒኤስ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሻነን ወንዝ ላይ በጣም ትልቅ የሆነ ሌላ ሎክ ዴርግ አለ። በቅርቡ ባለው መንደር ስም "ፔቲጎ" ብላችሁ ፈልጉ።

ሌላው በአየርላንድ ቋንቋ ኮልም ኪል የሚባለው ቅዱስ ኮሎምባ ነው። በትውፊት የተወለደው በ521 ግሌንቬይ አጠገብ ጋርታን በሚባል ቦታ ነው። በስሙ በሚጠራው ግሌንኮልምኪል መንደር ሰኔ 9 በፈረንጆች አቆጣጠር 15 ጣቢያዎችን እየዞሩ ያከብሩታል። ጣቢያዎቹ ጥንታዊ ጽሑፍና መስቀል የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ናቸው። በሌላ ቀንም መዞር ይቻላል፤ አንዳንዶቹ የገበሬ ማሳ ውስጥ ስለሆኑ በር ከፍታችሁ ስትገቡ መልሳችሁ ዝጉ።

ያለ መኪና መሄድ ይቻላል?

ይቻላል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ካውንቲው ውስጥ ባቡር ከ1965 ወዲህ የለም። ከተሞቹን የሚያገናኝ አውቶቡስ አለ። መንደሮቹን ደግሞ "ሎካል ሊንክ" የሚባሉ አነስተኛ አውቶቡሶች ያዳርሳሉ፤ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚመላለሱ የመጨረሻው ካመለጣችሁ አደራችሁ እዚያው ነው። ከደብሊን ደግሞ ካሪክፊን ወደሚገኘው ዶኒጎል አውሮፕላን ማረፊያ በትንሽ አውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደረሳል። ማኮብኮቢያው ከባሕሩ ዳርቻ አጠገብ ነው። የመስኮት ወንበር ያዙ።

በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ መንዳት እችላለሁ?

ለጉብኝት የመጣ ሰው ያልተቃጠለ የአገሩን መንጃ ፈቃድ ይዞ እስከ አንድ ዓመት መንዳት ይችላል። አከራይ ድርጅት ግን የራሱ ሕግ አለው። ብዙዎቹ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ፣ በአሽከርካሪው ስም የሆነ ክሬዲት ካርድና ከ25 ዓመት በላይ ዕድሜ ይጠይቃሉ። አውቶማቲክ መኪና ቶሎ ስለሚያልቅ ቀድማችሁ ያዙ።

የሚነዳው በግራ ነው። አደባባይ ላይ ከቀኝ ለሚመጣው ቅድሚያ ይሰጣል። ከየካቲት 2025 ጀምሮ በትናንሽ የገጠር መንገዶች የፍጥነት ወሰኑ ከ80 ወደ 60 ወርዷል። ከፊት መኪና ሲመጣ ሰፋ ያለ ቦታ ያገኘው ይቆማል፤ ያለፈው እጁን አንሥቶ ያመሰግናል። እናንተም አንሡ። በአየርላንድ ቋንቋ ተናጋሪ አካባቢዎች የመንገድ ምልክቱ በዚያው ቋንቋ ብቻ ነው። ደንግሎ የሚል ስትፈልጉ ምልክቱ "አን ክሎሃን ሊያ" ይላል። ሁለቱንም ስም ጽፋችሁ ያዙ።

የሸንገን ቪዛ አለኝ። ይሠራል?

አይሠራም። አየርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም ሸንገን ውስጥ የለችም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የራሷ ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው የሚጀመረው ኦንላይን ነው። የአጭር ጊዜ ቪዛ እስከ 90 ቀን ይሰጣል፤ ክፍያው ለአንድ መግቢያ 60፣ ለብዙ መግቢያ 100 ዩሮ ነው። ጣሊያን ወይም ጀርመን በመኖሪያ ፈቃድ የምትኖሩም ፓስፖርታችሁ የኢትዮጵያ ከሆነ ያው ነው። ቪዛ ሳይወጣ ትኬት አትቁረጡ።

የአየርላንድ ቪዛ አለኝ። ከደብሊን ዶኒጎል በአውቶቡስ ብሄድ ችግር አለው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከደብሊን ወደ ሌተርኬኒ የሚሄደው 32 ቁጥርም፣ ወደ ዶኒጎል ታውን የሚሄደው 30 ቁጥርም ሰሜን አየርላንድን አቋርጠው ያልፋሉ። በሕጉ ያ የብሪታንያ መሬት ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የብሪታንያ ቪዛ ያስፈልገዋል። ድንበሩ ላይ ኬላ የለም፤ የፍጥነት ምልክቱ ከኪሎ ሜትር ወደ ማይል መቀየሩ ብቻ ነው የሚታወቃችሁ። አንዳንድ ጊዜ ግን ፖሊስ አውቶቡስ ላይ ወጥቶ ፓስፖርት ይጠይቃል። "ማንም አያይም" የሚላችሁን ሰው አትስሙ፤ የሚበላሸው የእናንተ የቪዛ ታሪክ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከደብሊን ኮኖሊ ጣቢያ በባቡር ወደ ስላይጎ ሂዱ፤ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ 64 ቁጥር አውቶቡስ በሊትሪም ጠባብ መውጫ አልፎ ዶኒጎል ታውንና ሌተርኬኒ ያደርሳችኋል። ሌተርኬኒ ላይ መውረድ እንዳትረሱ፤ አውቶቡሱ ቀጥሎ ዴሪ ይገባል፣ ዴሪ ደግሞ ከድንበሩ ማዶ፣ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ናት። በመኪናም በስላይጎ ዙሩ፤ አንድ ሰዓት ያህል ይጨምራል።

ደብሊን ነዋሪ ነኝ፣ የመኖሪያ ካርድ አለኝ። እኔንም ይመለከታል?

ፓስፖርታችሁ የኢትዮጵያ ከሆነ አዎ። የአየርላንድ መኖሪያ ካርድ ብሪታንያ አያስገባም። የአየርላንድ ዜግነት ካገኛችሁ ጉዳዩ አበቃ። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያላችሁ ለአየርላንድ ቪዛ አያስፈልጋችሁም። ድንበሩን በየብስ ለማለፍም ቢሆን ግን "ኢቲኤ" የተባለውን የብሪታንያ የጉዞ ፈቃድ በስልክ አስቀድማችሁ አውጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። የአየርላንድ ቪዛችሁ የአንድ መግቢያ ከሆነ የብሪታንያ ቪዛ ቢኖራችሁም ሰሜን ደርሳችሁ ስትመለሱ እንደ አዲስ መግባት ነው የሚቆጠረው። ሁለቱንም ወገን ማየት የሚፈልግ የብዙ መግቢያ ቪዛ ይጠይቅ። ድንበር አካባቢ ስልካችሁ ሳታውቁት የብሪታንያ ኔትወርክ ሊይዝ ስለሚችልም ሮሚንግ አጥፉ።

ሳላውቅ ድንበሩን ተሻግሬ እንዳልገኝ ምን ላድርግ?

ጂፒኤስ አጭሩን መንገድ እንጂ ቪዛችሁን አያውቅም። ከሌተርኬኒ ወደ ኢኒሾወን ስትሄዱ በብሪጅኤንድ በኩል ወደ ቡንክራና ታጠፉ፤ በዴሪ ከተማ በኩል አትሂዱ። ወደ ሎክ ዴርግ የምትሄዱ በላጊ በኩል ፔቲጎ ግቡ። የፔቲጎ መንደር ራሷ ለሁለት የተከፈለች ናት፤ ድልድዩን ከተሻገራችሁ ሰሜን አየርላንድ፣ ፈርማና ካውንቲ ውስጥ ናችሁ። በበጋ ከግሪንካስል ተነሥቶ በሩብ ሰዓት ማጊሊጋን የሚያደርሰው የመኪና ጀልባም ያው ነው። ማዶው ብሪታንያ ነው። ቪዛው የሌላችሁ ግሪንካስል ወደብ ላይ ያለውን የባሕር ሙዚየም አይታችሁ፣ ዓሣ በልታችሁ፣ በመጣችሁበት መንገድ ተመለሱ።